ጫጩት ይዘናል

ሰብለ ወንጌል ሞተር ሳይክሏ ላይ ሶኬት ልታስገጥም ነው ሲባል የቢቸና ሰው የየራሱን ግምት ሰጠ። ገሚሱ ስልክ ልትሞላበት ነው አለ፤ ገሚሱ ቴፕ ልታስጮህበት። አንዷ ጎረቤቷ ደግሞ «ካውያ ልትሰካበት ይሆናል፤ እሷ እንደሆነች ለልብሷ ሟች ናት» አለች። ሰው በማያውቀው ነገር ድምፁ ይጎላል። እውነቱን የሚያውቁት እሷና የመኪና ኤሌትሪሺያኑ ሰይድ ብቻ ነበሩ።

ሰይድም ቢሆን መጀመሪያ ስትነግረው የሰማውን አላመነም።

«ለምን አልሽኝ?»

«ለጫጩት።»

«ጫጩትም ስልክ ያዘ?»

ሰይድ የሞጣ ልጅ ነው። ቢቸና አግብቶ፣ ወልዶ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ሱቅ ከፍቶ ከከተመ ቆይቷል፤ ሆኖም እስከዛሬ ድረስ የሞጣ መኪና ብልሽቱ እንኳ ጨዋ ነው ብሎ ያምናል። ሰብለ ሳቁን እስኪጨርስ ጠበቀችና ችግሯን አጫወተችው።

ሰብለ ወንጌል የግብርና ቢሮ ሥራዋን ትታ ጓሮዋ ውስጥ የእንቁላል ማስፈልፈያ የተከለች ሴት ናት። ቢቸና ውስጥ ጥቂት ደንበኞች አሏት፤ ማስፈልፈያውን ደግፈው ያቆሙት ግን የሞጣ ሴቶች ናቸው። ሀሲና የምትባል የሞጣ ነጋዴ ሴቶቹን አሰባስባ ጫጩት ታከፋፍላለች፤ እነሱ ያሳድጋሉ። ባለፈው ጊዜ ሰብለ ጫጩቶቹን በሚኒባስ ላከች። ሹፌሩ ካርቶኑን መስኮት ሥር አስቀመጠው፣ መስኮቱ አይዘጋም ነበር፣ የሞጣ መንገድ ነፋስ ደግሞ የታወቀ ነው። ሀሲና ካርቶኑን ስትከፍት ከቆሙት የተጋደሙት በዙ።

ብትሰድባት ይሻላት ነበር። ሀሲና ግን በስልክ፣ ለስለስ ብላ፣ «እህቴ፣ ሰው አንድ ጊዜ ይሳሳታል። ሁለተኛ ከሆነ ግን ሴቶቹን ምን ብዬ አስታግሳቸዋለሁ? ከባሕር ዳር እናስመጣለን» አለቻት። የሞጣ ገበያ ከሄደ ማስፈልፈያው ይዘጋል። ይህ በግልጽ የሚታወቅ ነገር ነው።

«ስለዚህ ራሴ አደርሳቸዋለሁ። ካርቶኑን ከሞተሩ ባትሪ ላሙቀው» አለች ሰብለ።

ሰይድ ጺሙን አሻሸ። ከዚያ በኋላ ቀልዱ ቀረና ሥራው መጣ። የመኪና አምፖል ወስዶ ብዙ ቦታ በተበሳ የወተት ቆርቆሮ ውስጥ አስገባው፤ ቆርቆሮው ከካርቶኑ መሐል ይቆማል፤ ጫጩቶቹ ሳይቃጠሉ ዙሪያውን ይሞቃሉ። ሽቦውን ከባትሪው አውጥቶ፣ ፊውዝ አስገብቶለት፣ በወንበሩ ሥር አሳለፈውና ወደ መሪው መያዣ ሲደርስ ቆም አለ።

«ከባትሪው በቀጥታ ላምጣልሽ ወይስ ከቁልፉ ጋር ላስተሳስረው?»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«ልዩነቱማ አንድ የሉማሜ ልጅ ነው። በቀጥታ አስቀጥሎ፣ ሰርግ ቤት የሚዜዎቹን ስልክ ሁሉ ሲሞላ አደረ። ጠዋት ሙሽሮቹን ላጅብ ቢል ሞተሩ እምቢ አለ። አጃቢው በአጃቢ ተገፋ። ያንቺ ደግሞ የእግር ማስነሻው ተሰብሯል፤ ባትሪው ከደከመ ሜዳ ላይ ቀረሽ።»

«ከቁልፉ ጋር እሰረው።»

«እንግዲያው ሞተሩ ሲጠፋ ሙቀቱም ይጠፋል። መንገድ ላይ ትቆሚያለሽ?»

«ምን ልሠራ እቆማለሁ?»

ሰይድ አመናት። እሷም ራሷን አመነች። ሶኬቱ በጎማ ክዳኑ አጊጦ መያዣው አጠገብ ተቀመጠ፤ አምፖሉን ሰክተው ቁልፉን ሲያዞሩት ቆርቆሮው በየቀዳዳው ቦግ አለ፣ ሰብለም እንደ ልጅ አጨበጨበች። ሁሉም ነገር ታስቦበታል፤ አባቷ ብቻ አልታሰቡም።

መሪጌታ አካለ ወልድ የቅኔ መምህር ናቸው። ሀገሩ ሁሉ «የኔታ» ይላቸዋል፤ ከቢቸና እስከ ሞጣ እሳቸው ያላስተማሩት ቄስ ከተገኘ ከሌላ አገር የመጣ እንግዳ ነው። ሰብለ ቢሮዋን ስትለቅ ምንም አላሏትም። ለሌላ ሰው ግን «የመንግሥት ወንበር ትታ ዶሮ ጠባቂ ሆነች» ማለታቸው ደርሷታል። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ ወደ ማስፈልፈያው ቤት ብቅ አላሉም፤ እሷም አልጠራቻቸውም። በዚህ ነገር ልቧ ይቆስላል፤ ለማን ትናገረው?

ታዲያ ያን ጠዋት፣ ካርቶኑን ጭና ልትነሳ ስትል፣ የኔታ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው፣ ነጭ ጋቢያቸውን ደርበው፣ መቋሚያቸውን ይዘው ከቤት ወጡ።

«ሞጣ ትሄጃለሽ አሉ።»

«አዎ አባባ።»

«ነገ የሞጣ ጊዮርጊስ ነው። ስለት ነበረብኝ።»

ሰብለ ሞተሩን አየች፣ አባቷን አየች፣ መቋሚያውን አየች። «መንገዱ ይንጥዎታል» አለች።

«በበቅሎ ስንት ገደል የወጣሁ ሰው ዶቅዶቄ ምን ያረገኛል?»

እምቢ አይባል ነገር! ደግሞም ልቧ ውስጥ ደስታ አለ፤ አባቷ ከጫጩቶቿ ጋር አንድ መንገድ ሊሄዱ ነው። መቋሚያውን እንደ ጠመንጃ ከጎን አሰረችው፣ ካርቶኑን ከሁለታቸው መሐል አደረገችና እቅፍ አርገው እንዲይዙት ነገረቻቸው። የኔታ ካርቶኑን እንደማያውቁት ሰው ልጅ ራቅ አድርገው ያዙት። ቁልፉ ዞረ፣ አምፖሉ በራ፣ ሲንጫጩ የነበሩት ጫጩቶች ዝም አሉ።

ከቢቸና ገና ወጣ እንዳሉ የሰብለ ትከሻ ተመታ።

«ቁሚ!»

«ምነው አባባ? ምን ወደቀ?»

«ሰው ነዋ!»

እውነትም መንገዱ ዳር ሁለት ሽማግሌዎች ቆመዋል። ሰብለ ፍሬን ያዘች፤ ሞተሩን ግን አላጠፋችም።

«አጥፊው እንጂ! ሰው ፊት ይጓራል እንዴ?»

በበቅሎ የሚሄድ ሰው ሽማግሌ ሲያገኝ ይወርዳል። ይህ የታወቀ ነው። በዶቅዶቄ የሚሄድ ደግሞ አጥፍቶ ይወርዳል፤ ይህን ሕግ ያወጡት የኔታ ሳይሆኑ አይቀሩም፤ ግን ማን ይከራከራቸዋል? ወረዱ። እንዴት አደራችሁ ተባለ፣ ቤተሰብ ተጠየቀ፣ ከብት ተጠየቀ፣ ጤፉ እንዴት ያዘ ተባለ፣ ዝናቡ በእናንተ በኩልስ ተባለ። የጎጃም ሰላምታ ሲሮጡ የሚጨርሱት ነገር አይደለም። ቆርቆሮው ጨለመ፣ ከካርቶኑ ውስጥም ጩኸት ተነሳ።

ቁልፉ ሲዞር ጩኸቱ በረደ። ጥቂት እንደሄዱ ትከሻዋ ተመታ፤ ቆሙ፤ ጫጩቶቹ ጮኹ። ደብረ ወርቅ ሲደርሱማ አንድ ቄስ ከሩቅ አይተው እየሮጡ መጥተው የኔታን ጉልበት ሳሙ፤ ለካ ተማሪያቸው ኖረዋል። እኒያ ሌላ ተማሪ ጠሩ፣ ሁለተኛው ሦስተኛውን ጠራ። ሰብለ ቁልፉን በእጇ ይዛ ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ስትንቀሳቀስ ቆየች።

«አባባ፣ ጫጩቶቹ ይበርዳቸዋል» አለች ሲነሱ።

«ሰው ሳናናግር ብናልፍ እኛን ነው የሚበርደን» አሏት።

ይህን የመሰለ መልስ ለሚሰጥ ሰው ምን ይመልሱለታል? ነዳች።

ደብረ ወርቅን አልፈው ከፍታው ላይ ሲወጡ ከዓባይ በኩል ነፋሱ መጣ፤ ሰማዩም ዳመነ። እዚያ ላይ ከቀብር የሚመለስ ሰው መንገዱን ሞልቶት አገኙ። ለቅሶ አይታለፍም፤ ይህን ሰብለም ታውቃለች። ወርደው እግዚአብሔር ያጥናችሁ አሉ። የኔታን ይዘዋቸው ቆሙ፤ የሟችን ደግነት ነገሯቸው፤ እሳቸውም የሚገባውን ሁሉ አሉ። ጊዜው ሄደ።

ወደ ሞተሩ ሲመለሱ ካርቶኑ ጭጭ ብሏል።

«አየሽ፣ ለመዱ» አሉ የኔታ ደስ ብሏቸው።

ሰብለ ግን ወደ ካርቶኑ ሮጠች። የበረደው ጫጩት ይጮኻል። በጣም የበረደው ግን አይጮኽም። ክዳኑን ስትከፍተው ጫጩቶቹ የበረደውን ቆርቆሮ ተጠግተው አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበዋል፤ አንዱ ከጥግ እግሩን ዘርግቶ ተጋድሟል። ቶሎ ብላ ሞተሩን አስነሳች። አምፖሉ በራ። ከዚያ ዘወር አለችና እንባዋ መጣ።

«አባባ፣ እኔ የሰላምታ ጠላት አይደለሁም፤ ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት። ግን ሞተሩ በጠፋ ቁጥር የእነዚህ እሳት ይጠፋል። እነዚህ ከሞቱ ሞጣ ዳግመኛ አይቀበለኝም። ማስፈልፈያውን ዘግቼ እቀመጣለሁ። እርስዎም ደስ ይልዎት ይሆናል።»

የመጨረሻው አምልጧት ነው። አፏን በእጇ ያዘች፤ የወጣ ቃል ግን አይመለስም።

የኔታ አልተቆጡም። ጎንበስ ብለው ሽቦውን ከቆርቆሮው ጀምረው በጣታቸው ተከተሉት፤ ሶኬቱ ጋ ደረሱ፤ ከሶኬቱ ወደ ቁልፉ አዩ።

«ይህ ሁሉ ነፍስ የተንጠለጠለው በዚህች ቁልፍ ነው?»

«አዎ።»

«ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ?»

«እንዴት ብዬ? ሰው ሰላም አይበሉ ልበልዎት?»

የኔታ የተጋደመውን ጫጩት አነሱት፤ በመዳፋቸው ይዘው በትንፋሻቸው አሞቁት፣ ቀስ አድርገው የሸሚዛቸውን ቁልፍ ፈቱና ከደረታቸው ላይ ከተቱት። ጋቢያቸውን ከላይ ከካርቶኑ ጋር አንድ ላይ ጠቀለሉ። «ንጂ» አሉ።

ጉንደ ወይን ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው፣ በበቅሎ የሚመጣ ሰው ከፊት ታየ። ሰብለ ከሩቅ አወቀቻቸውና «በቃ፣ አለቀልን» አለች በልቧ። አያ ፋንታ ናቸው። የአካባቢው ጠብ ሁሉ በእሳቸው የሚታረቅ፣ የአባቷ የቆየ ወዳጅ፣ ለክብር ነገር ደግሞ ቀልድ የማያውቁ ሰው። አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት ሲገቡ ሳይነሳላቸው በቀረ ሰው ልጅ ሰርግ ላይ ሳይገኙ ቀርተው፣ እስከዛሬ ይወራል። እኒህ ሰው የኔታን ጥምጥም ገና ከሩቅ እንዳዩ ከበቅሏቸው ወረዱ። ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ልጓሙን ይዘው፣ ከመንገዱ ዳር ቆመው ጠበቁ።

ይህንስ ማለፍ አይቻልም። የሰብለ እጅ ወደ ፍሬኑ ሄደ።

«እንዳትቆሚ!» አለ ከኋላዋ ድምፅ።

ከዚያ ሞተሩ ተወዛወዘ። የኔታ እግራቸውን መርገጫው ላይ አጽንተው፣ በአንድ እጃቸው ካርቶኑን አቅፈው፣ ሌላውን ወደ ሰማይ ዘርግተው ከወንበሩ ከፍ ብለዋል።

«አያ ፋንታ ሆይ! እርስዎ ከበቅሎ ወርደው ሲቀበሉኝ፣ እኔ ባለመውረዴ፣ ይህ ነገር ከንቀት ሳይሆን ከ…»

አያ ፋንታ ወደ ኋላ ቀሩ። አቧራው ሸፈናቸው። የኔታ ዞር ብለው አዩ፤ ሰውዬው አፋቸውን ከፍተው፣ ባርኔጣቸውን ይዘው እንደቆሙ ናቸው፤ በቅሎዋም እንደ እሳቸው ወደ ሞተሩ ታያለች።

«አልደረሳቸውም» አሉ የኔታ።

«ምኑ አባባ?»

«ይቅርታው። ረዘመ።»

ሰብለ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። መያዣው በእጇ ተንቀጠቀጠ። አባቷ ከኋላ ሆነው «ቀጥ አድርገሽ ያዢ እንጂ!» ይላሉ፤ ድምፃቸው ውስጥ ግን ሳቅ አለ።

ለሚቀጥሉት ሽማግሌ ይቅርታውን አሳጠሩት፤ ግማሹ ደረሰ። ለሚቀጥሉት ደግሞ ይበልጥ አሳጠሩት። ቅኔ መምህር ቃል ማሳጠር አያቅተውም። ጉንደ ወይን ገበያ ነበር፣ መንገዱ በሰውና በአህያ ተጨናንቋል፤ እዚያ ሲደርሱ ነገሩ ሁለት ቃል ብቻ ቀርቶት ነበር።

«ጫጩት ይዘናል!»

ሰው ዞሮ አየ። ጥምጥም የጠመጠሙ፣ መቋሚያ ከጎናቸው የታሰረ፣ ሆዳቸው በጋቢ ያበጠ አዛውንት ሴት በምትነዳው ሞተር ላይ ሆነው ይጮኻሉ። አንዲት ሽንኩርት ሻጭ እልል አለች። ከዚያማ ማን ያቁመው! «አሳልፏቸው! ጫጩት ይዘዋል!» እየተባለ አህያው ተጎተተ፣ ጋሪው ዞረ፣ እንጨት የተሸከመው ከነሸክሙ ቦይ ገባ። አንድ ጎልማሳ ቄስ ጉልበት ሊስም ሲሮጥ መጣ፤ የኔታ «ስትመለስ! ስትመለስ!» አሉት፤ የሚመለሱት ራሳቸው መሆናቸውን ረስተው። ከከተማው ሲወጡ ጩኸቱን በዜማ አድርገውት ነበር። ሰብለ አባቷ ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ሰምታ አታውቅም። ነፋሱ ፊቷን እየመታት፣ እንባዋ ከሳቋ ጋር እየወረደ፣ ይህ መንገድ ባያልቅ ብላ ተመኘች። ግን ማለቅ አለበት፤ ጫጩት ይዛለች።

ሞጣ ሲገቡ ሀሲና ከበሯ ላይ ቆማ ነበር።

«መምጣታችንን በምን አወቅሽ?» አለች ሰብለ።

«ከጉንደ ወይን ስንት ሰው ደወለ! ግቡ፣ ግቡ፣ ክፍሉን አሙቀነዋል።»

ካርቶኑ ተከፈተ። ጫጩቶቹ እየተገፋፉ፣ እየተንጫጩ፣ አንዱ በሌላው ላይ እየተረማመደ ወጡ፤ ወለሉ ቢጫ ሆነ። ሀሲና ተንበርክካ አንዳንዱን እያነሳች ዓይኑን አየች፣ እግሩን አየች፣ መልሳ ለቀቀችው። ጎረቤቶቿም ተንበረከኩ።

«ሁሉም ደህና ናቸው?» አለች ሀሲና ቀና ብላ።

ሰብለ ውሸት አታውቅም፤ እውነቱን ደግሞ አፏ አልናገር አለ። ያኔ የኔታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የሸሚዛቸውን ቁልፍ ፈቱ፤ እጃቸውን ከተቱና አወጡ። ጫጩቱ በመዳፋቸው ላይ ቆመ፤ የሰው ብዛት አየና ጮኸ። ኩስ የነካው የሸሚዛቸው ነገር ግን እንዲያው አይነሳ።

«የኔታ፣ እርስዎም ማስፈልፈያ ነዎት ለካ!» አለች ሀሲና።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። የኔታም ሳቁ፣ ጥምጥማቸው እስኪላላ ድረስ። ከዚያ ጫጩቱን ለሀሲና ሲሰጧት ድምፃቸው ዝግ አለ።

«ማስፈልፈያዋ ልጄ ናት» አሉ። «እኔ ተሸካሚ ነኝ። ይችን የመሰለች ልጅ ነው ያለችኝ።»

ሰብለ ባዶውን ካርቶን እንደምታስተካክል መስላ ጎንበስ አለች። ሀሲና አየቻትና እጇን ትከሻዋ ላይ አደረገች። «ከእንግዲህ ባሕር ዳርን ማን ያየዋል» አለቻት።

በማግስቱ የኔታ ስለታቸውን ለጊዮርጊስ አድርሰው፣ ከቅዳሴ በኋላ መንገድ ጀመሩ። ገና ከሞጣ ሲወጡ ትከሻዋ ተመታ፤ ዛሬስ ቀስ ብሎ ነው።

«ዛሬ የሚበርደው የለም አይደል?»

«የለም አባባ።»

«እንግዲያው ትናንት ሳንወርድላቸው ያለፍናቸውን ሁሉ እየወረድን እንለፍ።»

እንዲያ ሆነ። በየመንገዱ ዳር ቆሙ፤ ሞተሩ ጠፋ፤ ወረዱ፤ ቤተሰቡም ከብቱም ዝናቡም ተጠየቀ። ሰብለ አንድ ጊዜ እንኳ ሰዓት አላየችም። አንድ ነገር ብቻ ያስጨንቃታል፤ አያ ፋንታ።

ጉንደ ወይንን ሲያልፉ አያ ፋንታን ትናንት በቆሙበት ቦታ ላይ፣ በቅሏቸውን ከግራር ሥር አስረው ቆመው አገኟቸው። ባርኔጣቸው ራሳቸው ላይ ነው። ፊታቸው የሽምግልና ፊት ነው፤ ፈገግታ የለውም።

ሰብለ ትከሻዋ እስኪመታ አልጠበቀችም። ከሩቅ አጥፍታው፣ ሞተሩ በራሱ ተንሸራቶ ከፊታቸው ቆመ። ወርዳ እጅ ነሳች። የኔታም መቋሚያቸውን ይዘው ወረዱና፣ ጎንበስ ብለው፣ ሌሊቱን ሲያሰናዱት ያደሩትን ያንን ረጅሙን ይቅርታ ከመጀመሪያው ጀመሩት።

«አያ ፋንታ ሆይ፣ እርስዎ ከበቅሎ ወርደው ሲቀበሉኝ…»

አያ ፋንታ እጃቸውን አነሱ።

«ቆይ፣ የኔታ» አሉ አያ ፋንታ። «ገበያተኛው ሁሉ ነግሮኛል። መጀመሪያ ይኸን ንገሩኝ። ጫጩቶቹ ደህና ገቡ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንድ አልጎደለም።»

አያ ፋንታ በረጅሙ ተነፈሱ። «ከትናንት ጀምሮ እንቅልፍ አልወሰደኝም እኮ» አሉ፤ ባርኔጣቸውንም አወለቁ። «እንግዲያው እንዴት ሰነበቱ? ቤቱስ? ቅኔ ቤቱስ?»

ሰላምታው ተጀመረ። ሰብለ ወንጌል ቁልፉን ነቅላ ኪሷ ውስጥ ከተተችና ከግራሩ ሥር ተቀመጠች።